ቡናማው ውሃ ምን ይዞ መጣ?

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ውሃ በፈረቃ በሚያገኙ ከተሞች፣ በተለይም በጀጎልና በዙሪያው ባለው የሐረር ከተማ የምትኖሩ ቤተሰቦች ደጋግማችሁ የምታነሡትን አንድ ጥያቄ እንመለከታለን። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፤ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ ቡናማ ውሃ ይወርዳል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ይጠራል። ተመልሶ መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ውሃም አይደፋም፤ ጀሪካኑን ይደቅናል። ጥያቄውም “ይህ ዝገት ቢጠጣ ይጎዳል ወይ?” የሚል ነው።

አጭሩ መልስ፣ ዝገቱ ራሱ በትንሽ መጠን ሲጠጣ ጤናማ አዋቂን እምብዛም አይጎዳም የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጠጥ ውሃ ውስጥ ላለ ብረት በጤና ጉዳት ላይ የተመሠረተ ወሰን አላስቀመጠም። በሊትር ከ0.3 ሚሊ ግራም ሲበልጥ ልብስ ያቆሽሻል፣ ጣዕምም ይለውጣል፤ የከፋ ችግሩ ግን ይህ አይደለም። ሐኪምን የሚያሳስበው ዝገቱ በላዩ ላይ አጣብቆ የሚይዘው ነገር ነው፤ ይኸውም እርሳስ፣ አርሴኒክ፣ እንዲሁም ዩራኒየምና ራዲየምን የመሳሰሉ ጨረር አመንጪ ማዕድናት። ዝገት እነዚህን ከውሃ ውስጥ እየለቀመ ያከማቻል። ያከማቸውን ደግሞ ሁልጊዜ ይዞ አይኖርም።

ዝገት እንዴት ይይዛል?

ዝገት ማለት ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው የብረት ኦክሳይድ ነው። በቧንቧ ውስጥ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። የሐረር መሬት ቅላቱን ያገኘው ከዚሁ ነው። በጀጎል ውስጥ ባሉት ነባር የሐረሪ ቤቶች ወለሉና ነደባው የሚቀባበት ቀይ አፈርም ቀለሙ የብረት ኦክሳይድ ቀለም ነው።

የዚህ ማዕድን ገጽ በዓይን ሲታይ ዱቄት ይመስላል እንጂ በጣም በተጠጋ መሣሪያ ሲታይ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳና ሸንተረር የበዛበት ነው። አዲስ የተፈጠረ አንድ ግራም ዝገት ገጹ ቢዘረጋ ከ200 ካሬ ሜትር በላይ ሊሸፍን ይችላል። በሻይ ማንኪያ ጫፍ የሚያዝ ዱቄት የአንድ ትልቅ ግቢ ስፋት አለው ማለት ነው። በዚህ ገጽ ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች እንደ እሾህ ቆመዋል። በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ዩራኒየም ሲያልፍ እነዚህ ጥንዶች ሃይድሮጅናቸውን ለቀው በኦክስጅናቸው ይይዙታል። በሜዳ ስንሄድ ጨጎጎት በቀሚሳችን ጠርዝ እንደሚጣበቅ አድርጋችሁ አስቡት። ቀሚሱ ዝገቱ ነው፤ ጨጎጎቱ ማዕድኑ ነው።

ይህ ጠባይ ጥቅምም አለው። በኔፓልና በባንግላዴሽ አርሴኒክ ያለበትን የጉድጓድ ውሃ ለማጣራት የዛጉ ምስማሮች ወይም ብረት የተቀላቀለበት ማጣሪያ የተጠቀሙ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ዝገቱ አርሴኒኩን ይይዛል፤ ውሃው ያልፋል። ነገር ግን ያዘው እንጂ አላጠፋውም። ማጣሪያው ሲሞላ ካልተቀየረ ምንም አይጠቅምም። ቧንቧችንም በሌላ በኩል ማንም አስቦ ያልሠራው፣ ማንም የማይቀይረው ማጣሪያ ነው።

ዩራኒየም በእኛ ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል?

“ዩራኒየም የቦምብ ዕቃ አይደለም ወይ?” የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ዩራኒየም በተፈጥሮው በጥቂት መጠን በአፈርና በዐለት ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ ከሌሎች ዐለቶች ይልቅ በግራናይት ውስጥ ይበዛል። ከሐረር ወደ ጅጅጋ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው በባቢሌ አካባቢ ተደራርበው የቆሙትን የግራናይት ዐለቶች አይቷል። የከርሰ ምድር ውሃ እንዲህ ባለ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲቆይ ጥቂት ዩራኒየም፣ ከዩራኒየምም የሚወለደውን ራዲየም ያሟሟል። እ.አ.አ በ2003 የታተመ፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ላይ የተደረገ ሰፊ ጥናትም ከታወቀው የፍሎራይድ ችግር ሌላ ዩራኒየምና አርሴኒክ ትኩረት የሚሹ መሆናቸውን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዩራኒየም ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር ውሃ 30 ማይክሮ ግራም ነው። ለእርሳስና ለአርሴኒክ ደግሞ 10 ማይክሮ ግራም ነው። ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ በቅምሻም በሽታም በቀለምም አይታወቅም።

እዚህ ላይ የሐረርና የድሬዳዋ ነዋሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በአካባቢያችን የኖራ ድንጋይ በብዛት አለ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የዚሁ ምልክት ነው። ከኖራ ድንጋይ ወደ ውሃው የሚገቡት ካልሲየምና ካርቦኔት ደግሞ ዩራኒየምን አቅፈው ይይዙታል። በካርቦኔትና በካልሲየም የታቀፈ ዩራኒየም በዝገት ላይ በቀላሉ አይጣበቅም፤ ከውሃው ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ቡናማ ውሃ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ የጠራ ውሃ ሁሉም ንጹሕ አይደለም። ዓይናችን ስለ ዝገቱ ይነግረናል እንጂ ስለሟሟው ማዕድን አይነግረንም። ያንን የሚነግረን የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

ዝገት የያዘውን መቼ ይለቃል?

አንደኛው ውሃው ሲቋረጥና ሲመለስ ነው። ባዶ የሰነበተ ቧንቧ በድንገት በግፊት ሲሞላ በግድግዳው ላይ የተጋገረው ዝገት ይፈነቀላል። ያከማቸውን ሁሉ ይዞ በቡናማው ውሃ ውስጥ ይወርዳል። አሮጌ ጋልቫናይዝድ ቱቦዎች በዚንክ የተለበጡ ናቸው፤ ዚንኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቂት እርሳስ ይቀላቀልበታል። የነሐስ ቧንቧዎችና መገጣጠሚያዎችም እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል። ይህ እርሳስ በዝገቱ ላይ ይከማቻል።

ሁለተኛው የውሃው ምንጭ ሲቀየር ነው። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው የሐረማያን ሐይቅ ውሃ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ከድሬዳዋ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣ ውሃ በፓምፕ ዳገቱን እየተገፋ ወደ ከተማዋ እንዲደርስ ተደረገ። የሐይቅ ውሃና የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ በጨው፣ በኖራና በአሲድነት ደረጃ አንድ አይደሉም። አሮጌ ቱቦ አዲስ ዓይነት ውሃ ሲያልፍበት የተጋገረው ቅርፊት ሊላላ ይችላል። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የፍሊንት ከተማ ነዋሪዎች ይህን በመራራ መንገድ ተምረዋል። ከተማዋ እ.አ.አ በ2014 የውሃ ምንጯን ወደ ወንዝ ስትቀይር ቱቦዎችን ከመበላት የሚጠብቀው ኬሚካል አልተጨመረም ነበር። ዝገቱና እርሳሱ ወደ ቤቶች ወረደ፤ በሕፃናት ደም ውስጥ ያለው እርሳስም ጨመረ። የወንዙ ውሃ ወደ ማጣሪያው ሲገባ እርሳሱ አልነበረበትም፤ እርሳሱን ያቀበለው ቱቦው ነው።

ሦስተኛው አሲድ ሲያገኘው ነው። በዛገ በርሜል ውስጥ ሊጥ ማቡካት፣ እርጎ ማኖር ወይም ሎሚ የተጨመቀበት መጠጥ ማስቀመጥ ይህን ያስከትላል። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ አሲድነቱ ከፍ ይላል። አሲድ ደግሞ ማዕድናቱን ከዝገቱ ገጽ ያላቅቃቸዋል።

አራተኛው አየር ሲያጣ ነው። በሮቶ ወይም በበርሜል ታች የሚተኛው ዝቃጭ ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ዝገቱን ራሱን ያሟሙታል። ዝገቱ ሲሟሟ የያዘው ይለቀቃል። በባንግላዴሽ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን የጎዳው አርሴኒክ ወደ ጉድጓዶቹ የገባው በዋነኛነት በዚህ መንገድ ነው። አርሴኒኩ በደለሉ ውስጥ በዝገት ላይ ተጣብቆ ለሺህ ዓመታት ተቀምጦ ነበር። በከርሰ ምድር አየር ሲጠፋ ለቀቀው። ሰዎቹ ጉድጓዱን የቆፈሩት ተቅማጥ ከሚያመጣው የኩሬ ውሃ ለመሸሽ መሆኑ ነገሩን ያሳዝናል።

በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሆናል?

ዩራኒየም ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ጨረሩን ነው። በመጠጥ ውሃ በሚገባው መጠን ግን የሚቀድመው ጉዳት የኬሚካል ጉዳት ነው፤ የሚጎዳውም ኩላሊት ነው። በብዛት የሚገኘው የዩራኒየም ዓይነት ግማሹ እስኪፈርስ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ጨረሩን የሚረጨው በጣም በዝግታ ነው። ከምንጠጣው ዩራኒየም ወደ ደም የሚገባው በመቶኛ ሲሰላ ከ1 እስከ 2 ብቻ ነው፤ ቀሪው በሰገራ ይወጣል። ወደ ደም የገባውም አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽንት ይወገዳል። ችግሩ የሚፈጠረው በመውጫው በር ላይ ነው።

በደማችን ውስጥ ዩራኒየምን አቅፎ የሚያጓጉዘው ባይካርቦኔት ነው፤ በኖራ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ካየነው ካርቦኔት ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ኩላሊት ደሙን አጣርቶ ወደ ጥቃቅን ቱቦዎቹ ሲያስገባው ፈሳሹ አሲድነቱ ይጨምራል፤ ባይካርቦኔቱም ይለቀዋል። ባዶውን የቀረው ዩራኒየም ያን ጊዜ በኩላሊቱ ቱቦ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ሐኪሞች በሥራ አደጋ ብዙ ዩራኒየም ለገባበት ሰው በሆስፒታል ሶዲየም ባይካርቦኔት የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ታቅፎ እንዲወጣ ለማድረግ። ይህን ያነበበ ሰው ግን ቤቱ ቢካርቦኔት እየበጠበጠ እንዳይጠጣ አደራ እላለሁ። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ራዲየም መንገዱ ሌላ ነው። ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነት ተሳስቶ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። በአሜሪካ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰዓት ገጽ ላይ የሚያበራ የራዲየም ቀለም ይቀቡ የነበሩ ሴት ሠራተኞች ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ነበር። በኋላ የመንጋጋ አጥንታቸው ተበላ፤ የአጥንት ካንሰርም የያዛቸው ነበሩ። በውሃ የሚመጣው መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም በዕድሜ ልክ የሚጠጣ ነገር ስለሆነ ወሰን ተበጅቶለታል።

እርሳስ ከሁሉም ይልቅ ልጆችን ይጎዳል። የአንጎል ዕድገትን ያዘገያል፣ ደም ማነስ ያመጣል። የብረት እጥረት ያለበት ልጅ ደግሞ ከምግብና ከውሃ የበለጠ እርሳስ ይመጥጣል። አንጀት ብረት ፍለጋ የሚከፍተውን በር እርሳስም ስለሚገባበት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት የተለመዱ አመለካከቶችን ላርም። “ዝገት ያለበት ውሃ ደም ይሞላል” የሚባለው ልክ አይደለም። ሰውነት የዝገትን ብረት የሚጠቀምበት እምብዛም ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች የሚያምራቸው አፈርም ደም አይሞላም። አፈር በላዩ ላይ ማዕድን የመያዝ ጠባዩ በአንጀት ውስጥም ስለሚሠራ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሊያስቀር ይችላል። አፈር የሚያምራት እናት ብዙ ጊዜ ደም ያነሳት ናትና ልትቆጧት አይገባም። ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ፤ ደሟ ይመርመር፣ የብረት እንክብልም ይሰጣታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ የአደጋውን ቅደም ተከተል እናስተካክል። በፈረቃ ውሃ ውስጥ ዛሬ ወይም ነገ ልጅን የሚገድለው ዩራኒየም ሳይሆን ጀርም ነው። ቱቦው ባዶ ሲሆን በስንጥቁ ፍሳሽ ሊስብ ይችላል፤ ተቅማጥና ኮሌራ የሚገቡት በዚህ ነው። ማዕድን ጉዳቱን የሚያሳየው ከዓመታት በኋላ ነው። ደግነቱ አብዛኛው ጥንቃቄ ለሁለቱም ይሠራል።

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ቡናማ ውሃ አትጠጡት፣ አታብስሉበትም፣ ግን አትድፉትም። ለብቻው ምልክት ባለው ባልዲ ቅዱትና ለመጸዳጃ ቤትና ወለል ለማጠብ ተጠቀሙበት። ለነጭ ልብስ ግን አይሆንም። ውሃው ሲጠራ ለመጠጥ ቅዱ።

ሁለተኛ፣ ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ደብዛዛ ውሃ ለመጠጥ ከቀዳችሁ አሳድሩት። ዝገቱ ይዘቅጣል፤ የተጣበቀበትም አብሮት ይወርዳል። በማግስቱ ሳትነቀንቁ የላይኛውን ብቻ ቅዱ፣ አራት በታጠፈ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አጥልሉ፣ የታችኛውን ድፉ።

ሦስተኛ፣ እንደ “ውሃ አጋር” ያለ የውሃ ማከሚያ መድኃኒት የሚጨመረው ከማጥለል በኋላ ነው። ዝገት ክሎሪኑን ይበላዋል፤ ጀርሙም ከዝገቱ ጀርባ ይደበቃል። በጽሑፉ ላይ ባለው መጠን ጨምራችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

አራተኛ፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ማዕድን አያስወግድም። ውሃው በትነት ሲቀንስ ማዕድኑ በቀረው ውሃ ውስጥ ይበዛል። ስለዚህ ቡናማውን ውሃ አፍልቶ ለቁጢ ወይም ለሻይ ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ቀድሞ ማዝቀጥና ማጥለል፣ ከዚያ ማፍላት።

አምስተኛ፣ ሮቶና በርሜል ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይታጠብ። የታችኛው ዝቃጭ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። መቅጃው ከታች ጠርዝ ላይ የተገጠመ ከሆነ ጥቂት ከፍ ተደርጎ እንዲገጠም ለቧንቧ ሠራተኛ ንገሩ። የዛገ የብረት በርሜል፣ ይልቁንም የቀለም ወይም የኬሚካል የነበረ፣ ለመጠጥና ለሊጥ ፈጽሞ አይሁን።

ስድስተኛ፣ ሌሊቱን በቱቦ ውስጥ የቆመ ውሃ ማለዳ ላይ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ በባልዲ ተቀድቶ ለእጥበት ይዋል። ለምግብና ለመጠጥ ከቦይለር የሚወጣ ሙቅ ውሃ አትጠቀሙ፤ ሙቀት እርሳስን ያሟሟል።

ሰባተኛ፣ እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃ አያስፈልገውም። በጣሳ ወተት የሚያድግ ሕፃን ካለ ወተቱ በተጣራና በፈላ ውሃ ብቻ ይበጥበጥ።

ስምንተኛ፣ በርጫ ላይ የምትቀመጡ ሰዎች በአንድ ከሰዓት ብዙ ውሃ ስለምትጠጡ ከሌላው ሰው ይልቅ የውሃው ጥራት ያገባችኋል። ከቧንቧ አፍ በቀጥታ የተሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ አይበቃም።

የሸክላ ማጣሪያ የምትጠቀሙ ዝገትንና ጀርምን እንደሚያስቀር፣ የሟሟ ዩራኒየምን ወይም ፍሎራይድን ግን እንደማያስቀር እወቁ። የሟሟውን የሚያስቀረው በከፍተኛ ግፊት በስስ ሽፋን የሚያጣራው ውድ መሣሪያ ነው። ማንኛውም ማጣሪያ የያዘውን ይዞ ይቀመጣልና በጊዜው መቀየር አለበት።

ወደ ሐኪም መቼ እንሂድ? ፊታችሁ ወይም እግራችሁ ካበጠ፣ ሽንታችሁ አረፋ ከበዛበት ወይም መጠኑ ከተለወጠ፣ ልጃችሁ ያለ ምክንያት ሆዱን ደጋግሞ ካመመው፣ ከገረጣ ወይም በትምህርት ወደ ኋላ ከቀረ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ ጀጎልና ሕይወት ፋና ወዳሉ ሆስፒታሎች ሂዱ። እነዚህ ምልክቶች ብዙ ሌላ መነሻ አላቸው፤ የሽንትና የደም ምርመራ ግን ቀላል ነው። ስትሄዱ የምትጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚቀመጥ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሳይጠየቅ የሚቀር ጠቃሚ መረጃ ነው።

ቤተሰብ ብቻውን የማይወጣው ሥራም አለ። የጀጎልን ግንብ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ከጠላት ለመጠበቅ ነበር፤ ቅርሱም እ.አ.አ በ2006 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በግንቡ ውስጥ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ሥር የሚያልፈው ቱቦ ግን ዓይን አያየውም፣ ቱሪስትም አይጎበኘውም። በዕድር፣ በአፎቻና በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ ስትነጋገሩ “መቼ ይመጣል?” ከሚለው ጋር ሌሎች ሦስት ጥያቄዎችን ጨምሩ። የጉድጓዶቹ ውሃ ለዩራኒየም፣ ለአርሴኒክና ለእርሳስ የተመረመረው መቼ ነው? ምንጭ ሲቀየር ወይም ሲቀላቀል ነዋሪው አስቀድሞ ይነገረዋል ወይ? አሮጌዎቹ የብረት ቱቦዎች የትኞቹ ናቸው፣ የሚቀየሩትስ መቼ ነው? ናሙናው ከጉድጓዱ ብቻ ሳይሆን ከቤታችሁ ቧንቧም፣ ውሃ በተመለሰበት ሰዓት እንዲወሰድ ጠይቁ። ዝገቱ የሰበሰበው የሚታየው ያን ጊዜ ነውና።

ለዛሬው እዚህ ላይ እናብቃ። ውሃ ዛሬ ከመጣላችሁ ሁለት ዕቃ አዘጋጁ፤ አንዱ ለቡናማው፣ አንዱ ለጠራው።